ጠበቃዋ ከክፍሉ ያስወጣችኝ ቀን

በአስተርጓሚነት ሥራ የጀመርኩት ለንደን፣ ብሪክስተን ሰፈር ውስጥ፣ ከአንድ ጨርቅ ሱቅ በላይ ባለ የጠበቃ ቢሮ ነው። ጠበቃዋ ማሪቴስ ትባላለች፤ ፊሊፒናዊት ናት። ማኒላ ጥብቅና ስትሠራ ቆይታ፣ ለንደን መጥታ እንደገና ተፈትና ፈቃድ አወጣች። ደንበኞቿ ከአሠሪዎቻቸው ጋር ከአረብ አገር መጥተው የጠፉ የቤት ሠራተኞች ነበሩ፤ የእሷም የእኛም አገር ልጆች።

በመጀመሪያው ቀን፣ «የተባለውን ብቻ ንገሪኝ። አትጨምሪ፣ አትቀንሺ፣ አታሳምሪ» አለችኝ። ከዚያ «አቴ» ብላ ጠራችኝ። በአገሯ ታላቅ እህት ማለት ነው። እትዬ ከሚለው ስለማይርቅ ዝም ብዬ ተቀበልኩት።

ትዕግሥት የመጣችው ሥራውን ከለመድኩ በኋላ ነው። ፓስፖርቷን ከያዙባት አሠሪዎች ቤት ጠፍታ ነበር። የመኖሪያ ፈቃድ አፕላይ ለማድረግ ስቴትመንት መስጠት፣ የደረሰባትን በራሷ ቃል መናገር ነበረባት። ያለዚያ ከአገር ትወጣለች።

«እዚያ ቤት ምን ደረሰብሽ?» አለቻት ማሪቴስ።

«ምንም።»

በሌላ ቀን ስትቀጠርም «ምንም» አለች።

«ምንም ሳትሆኚ ነው ያለ ጫማ፣ በካልሲ የሮጥሽው?» አለቻት።

ልጅቷ አቀረቀረች። ማሪቴስ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «አስተርጓሚሽን ከዚህ ቢሮ ውጭ ታውቂያታለሽ?»

ተረጎምኩ።

«አንድ ቤተ ክርስቲያን ነን። አክስቴም ወዳጃቸው ናት። እሳቸው እየሰሙ እንዴት ብዬ አወራዋለሁ?»

ስለ ራሴ የተባለውን ይህንንም ቃል በቃል ወደ እንግሊዝኛ መለስኩት።

«ጥሩ ተርጉመሻል፣ አቴ» አለች ማሪቴስ ሳቅ ብላ። «አሁን ውጪልኝ።»

«ከእኔ አፍ ምስጢር ወጥቶ አያውቅም» አልኩ።

«እኔ አውቃለሁ። እሷ ግን አታውቅም።»

ካፖርቴን አንስቼ ወጣሁ። በሌላ ከተማ ያለች አስተርጓሚ በስልክ ተገኘችላት። ኮሪደሩ ላይ ብዙ ጠበቅኩ። በሩ ሲከፈት የትዕግሥት ዓይን ቀልቷል። ከወራት በኋላ ፈቃዱን አገኘች።

ማሪቴስ ቆይታ ለፓርላማ ልትወዳደር ማኒላ ገባች። «እነዚህን ልጆች ለማን ትተሽ?» ብላት፣ «እዚህ የማገኛቸው ከተጎዱ በኋላ ነው። እዚያ ሳይሳፈሩ ልደርስላቸው እችላለሁ» አለችኝ። አንዴ ተሸነፈች፤ በሚቀጥለው ምርጫ ገባች። ስደውልላት፣ «አቴ፣ እዚህ ሁሉም ተናጋሪ ነው፤ የሚያዳምጥ ላኪልኝ» ትላለች። ለቤት ሠራተኝነት ወደ ውጭ የምትሄድ ሴት ዘመድም ደላላም በሌለበት፣ በፈቃዷ መሄዷን ለብቻዋ እንድትጠየቅ የሚል ረቂቅ ሕግ አቀረበች። ብዙ ተከራክራበት ጸደቀ።

ትዕግሥት ዛሬ እዚሁ ለንደን፣ ስትሪትሃም ትኖራለች። ቤተ ክርስቲያን ስንገናኝ እንሳሳማለን። ያን ቀን ምን እንደተናገረች አላውቅም፤ አልጠየቅኳትምም።

የአስተርጓሚነት ሥራ አሁን ለምትጀምሩ፦ ባለጉዳዩ ከመናገሩ በፊት አስተርጓሚው ይስማማው እንደሆነ ይጠየቅ። የሚጠይቀው ሌላ ሰው ይሁን፤ በፊታችሁ እምቢ ማለት ይከብደዋል። አይስማማኝም ካለ ተነሥታችሁ ውጡ።