በጻካኔ ሜዳ፣ ከአጥሩ ውጭ

ባለፈው ሳምንት ፎርድስበርግ መድኃኒት ቤት ተሰልፌ ሳለ፣ ከፊቴ የቆመው ሰውዬ የጡንቻ ቅባት ከፍቶ አሸተተ። ያ አፍንጫ የሚቆነጥጥ ሽታ እኔ ጋ ሲደርስ ወረፋዬን ጥዬ ወጣሁ። ግድግዳ ተደግፌ ሳለ ፍራፍሬ የምትሸጥ ሴትዮ ምን ሆንሽ አለችኝ፣ ራሴን አመመኝ አልኳት። አንቺን ግን አልዋሽሽም። የመጣብኝ ወንድሜ ያንን ቅባት ባቱ ላይ እያሸ፣ መስኮቱ በተዘጋ ሚኒባስ ታክሲ ከጆሃንስበርግ ወጣ ብላ ወዳለችው ጻካኔ የሄድንበት ቀን ነው።

ጊዜው የኮሮና ነበር፤ ሦስተኛው ማዕበል ጆሃንስበርግን ያስጨነቀበት ክረምት። እዚህ አገር ክረምት ማለት ዝናብ አይደለም፤ ደረቅ ብርድ፣ ጥርት ያለ ሰማይና ቢጫ ሣር ነው። እኔ የሃያ አንድ ዓመት ተማሪ ነበርኩ፣ ወንድሜ አሥራ ዘጠኝ። እናታችን የታመመች እናቷን ልትጠይቅ አገር ቤት ሄዳ በወረቀት ጉዳይ እዚያው ቀርታለች። አባታችን ፎርድስበርግ ውስጥ ብርድ ልብስ በጅምላ ይሸጥ ነበር። ሳል ሲጀምረው "የብርድ ልብሱ አቧራ ነው" እያለ ሦስት ቀን ሱቅ ዋለ፤ በአራተኛው ቀን ሆስፒታል አስገባነው። መጠየቅ ክልክል ነው። ደግ ነርስ የገጠመችን ቀን ብቻ ፊቱን በስልክ እናይ ነበር።

ሐሙስ ዕለት አንዷ ደግ ገጠመችን። አባቴ የኦክስጅኑን ጭንብል በእጁ ገለል አደረገና ወንድሜን "ቅዳሜ ትጫወታለህ?" አለው።

"እንጃ አባዬ፣ አንተ እንዲህ ሆነህ..."

"ተጫወት። ውጤቱን ትነግረኛለህ።"

ስለ ኳስ ደግ ቃል ሲናገር የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያ በፊት "ያቺ በነፋስ የተነፋች ቆዳ" ነበር የሚላት፣ ወንድሜም ከልምምድ ሲመጣ በጓሮ በር ነበር የሚገባው። ልጁ ለአንድ ትንሽ የሰፈር ክለብ ይጫወት ነበር፤ ስሙ ጋዜጣ ላይ የማይወጣ፣ ማልያውን ተጫዋቾቹ ራሳቸው የሚያጥቡት ዓይነት። ቅዳሜ የውድድር ዘመኑ ከመጀመሩ በፊት የሚደረግ የወዳጅነት ግጥሚያ ነበራቸው። ዓመት ሙሉ ሜዳ ተዘግቶበት ለከረመ ልጅ ግን የወዳጅነት የሚባል ነገር የለም። አሰልጣኙ ቋሚዎቹን የሚመርጠው በዚያ ጨዋታ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ስልኬ ሲጮኽ ወንድሜ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ጫማውን እየቦረሸ ነበር። ሆስፒታሉ የመዘገበው የእኔን ቁጥር ነው። ወደ ጓሮ ወጣሁ። ሐኪሟ ቀስ ብላ፣ ቃሉን ሳትሸፋፍን ነገረችኝ። አመስግኜ ዘጋሁት። አስቢው እስቲ፣ አመሰገንኳት።

ከዚያ የአባቴ ታናሽ ወንድም ለሆነው ለአጎቴ ደወልኩ። "ኢንና ሊላሂ" አለ። ከዚያ መጀመሪያ የጠየቀኝ "ልጁ ሰማ እንዴ?" ብሎ ነው።

"አልሰማም። ጫማውን እየቦረሸ ነው።"

"እንዳይሰማ። ዛሬ ቅዳሜ ነው፣ የሆስፒታሉ ወረቀት በአንድ ቀን አያልቅም። ነገ ከሱብሂ ሰላት በኋላ ሰብሰብ ብለን መጥተን እናረዳዋለን። ቤት ከዋለ ሰው ሲገባና ሲወጣ ያውቃል፤ ወደ ኳሱ ይሂድ። አንቺም አብረሽው ሂጂ ልጄ። አደራ፣ ፊትሽን ጠብቂ።"

የእኛን ልማድ ታውቂዋለሽ። ሞት በስልክ ዱብ አይደረግም። መርዶ የሚነገረው በማለዳ ነው፤ ሽማግሌዎች ቤት ድረስ ይመጣሉ፣ የሚደግፍ ክንድ በግራና በቀኝ ይቀመጣል። እስከዚያ ቀድሞ ያወቀ ሰው አፉን ይዘጋል። እዚህ አብረውኝ የተማሩት ልጆች ይህን ስነግራቸው ጭካኔ ይመስላቸዋል። አይደለም፤ ለሰው ማዘን ነው፣ እኔም ያን ቀን ጠዋት እንደዚያ አምኜ ነው ጫማዬን ያሰርኩት።

ማስክ የሚሉትን ነገር ስረግመው ከርሜ ያን ቀን አመሰገንኩት። ግማሽ ፊቴን ሸፈነልኝ። ታክሲው ውስጥ ከአሥራ አምስት ጎረምሶች ጋር ተቀምጬ፣ ዓይኔ ሲሞላ የቅባቱ ሽታ ነው እያልኩ ሄድኩ። አሰልጣኙ፣ በድሮ ጊዜ ታክሲ ይነዳ የነበረ ቦርጫም ሰው፣ ዘወር ብሎ "አባታችሁ እንዴት አደረ?" አለ በእንግሊዝኛ። ወንድሜ ቀድሞኝ "እየተሻለው ነው ኮች" አለው።

ሜዳው አንድ የሲሚንቶ ደረጃ፣ አንድ የተላጠ ሰማያዊ በር፣ ዙሪያውን የሽቦ አጥር ነበረው። ሣሩ በብርዱ ደርቆ ቢጫ ሆኗል፣ ግቡ አካባቢ ጭራሽ ራሰ በራ ነው። ከቤቶቹ የከሰል ጭስ ይመጣል፣ ከአጥሩ ጥግ ማግዊንያ የሚሉትን የሊጥ ኳስ የምትጠብስ እናት ዘይቷ ይንጫጫል። በሩ ላይ የቆሙት ሽማግሌ ዘበኛ የሙቀት መለኪያቸውን እንደ ሽጉጥ ግንባሬ ላይ ደግነው "ሳውቦና ልጄ፣ ተጫዋች ብቻ ነው የሚገባው" አሉኝ። ተመልካች ተከልክሎ ነበር። ስለዚህ የጻካኔ ሰው አንድ ዘዴ ፈጥሯል፤ ታክሲዎቹንና የቤት መኪናዎቹን በአጥሩ ዙሪያ ደርድሮ በመስታወት ያያል፣ ግብ ሲገባ ጥሩንባ ይነፋል። እኔ በእግሬ ነኝና ሽቦውን ይዤ ቆምኩ።

የመጀመሪያው አጋማሽ ወንድሜ ጃኬቱን ለብሶ ተቀያሪ ወንበር ላይ አለቀበት። እረፍት ላይ አጎቴ ደወለ። ድምፁ የሌላ ሰው ነበር።

"ልጄ፣ ነገሩ እንዳሰብነው አልሆነም። የእዚህ አገር ሙስሊሞች የቀብር ማኅበር ወረቀቱን በሁለት ሰዓት ውስጥ ጨረሰው። በኮሮና የሞተ አያድርም ብለዋል፤ ዛሬ ከሰዓት፣ ከዐስር ሰላት በኋላ ይቀበራል። አምስት ሰው ብቻ ነው የሚያስገቡት፣ ለልጁ አንድ ቦታ ይዘንለታል። እዚያ ጻካኔ ሱቅ ያለው ወዳጄ በባኪው እየመጣላችሁ ነው። ልጁን አስወጪውና ኑ።"

"ምን ልበለው?"

"አጎትህን አሞታል በይው። እኔ ስትደርሱ እነግረዋለሁ።"

ሰላት በደረሰ ጊዜ የእኛ ሰው አይጠብቅም፣ የቀብር ማኅበሩም መኪና አይጠብቅም። መንገዱ አንድ ሰዓት ነው። ወዲያው መውጣት ነበረብን።

ባኪው፣ እዚህ አገር ፒክአፕን እንዲያ ነው የሚሉት፣ መጥቶ ከታክሲዎቹ መሀል ቆመ። ሰውዬው ከሆሳዕና አካባቢ የመጣ፣ ቀጭን፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነበር። በቅዳሜ ገበያ ሱቁን ዘግቶ ነው የመጣው። "እግዚአብሔር ያጽናሽ እህቴ" አለኝ ማስኩ ውስጥ። "አሁን ከወጣን እንደርሳለን።"

ልጠራው አፌን ከፈትኩ። በዚያችው ሰዓት አሰልጣኙ ወንድሜን ትከሻውን መታ መታ አድርጎ ጃኬቱን ተቀበለው። ወንድሜ ሁለቴ ዘለለ፣ ወደ አጥሩ ዞሮ ፈለገኝ፣ ሲያገኘኝ አውራ ጣቱን አነሳልኝ። እኔም አነሳሁለት።

"አሥር ደቂቃ" አልኩት ሰውዬውን። ሰዓቱን አየና ወደ ባኪው ተመለሰ።

እውነቱን ልንገርሽ። ለእሱ አዝኜ ብቻ አይደለም። እስካልጠራሁት ድረስ አባታችን ቢያንስ ለአንድ ሰው በሕይወት አለ። እዚያ ቢጫ ሣር ላይ አባት ያለው ልጅ እየሮጠ ነበር። እኔ ከጠዋት ጀምሮ አባት የለኝም፤ እሱን ሳይ ግን ያለኝ ይመስለኝ ነበር። ያቺን ነገር ከእጄ መልቀቅ አቃተኝ።

አሥሩ ደቂቃ አለቀ። ሰውዬው ከባኪው ወርዶ አጠገቤ ቆመ። "እህቴ፣ ወንድ ልጅ አባቱን አፈር ማልበስ አለበት" አለኝ። "እኔ የአባቴን እዚህ ሆኜ ነው የሰማሁት። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ጥሪው።"

"እሺ፣ ትንሽ ብቻ።"

ከዚያ አገባ። ኳሷ ከቀኝ መጣች፣ በደረቱ አበረዳት፣ መሬት ሳትነካ በግራ እግሩ መታት። ታክሲዎቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ጥሩንባቸውን ነፉ። ወንድሜ እጆቹን ዘርግቶ ወደ እኔ ሮጦ መጥቶ በሽቦው ቀዳዳ ጣቶቼን ያዘ። "ሲስ! አየሽው?" አለኝ እያለከለከ። በአፌና በጆሮው መካከል ሽቦ ብቻ ነበር። "አየሁት" አልኩት። ተመልሶ ሮጠ። እስከ መጨረሻው ፊሽካ አልጠራሁትም።

ፊሽካው ሲነፋ ጓደኞቹ ከበቡት፣ ፎቶ ተነሱ፣ ከዚያ ሲወጣ አጎታችን እንደታመመ ነገርኩት። ባኪው ፊት ወንበር ላይ ሦስታችን ተጣበን ሄድን። ጫማውን እንኳ አልቀየረም። ስለ አጎቱ ጥቂት ከተጨነቀ በኋላ ወደ ግቡ ተመለሰ። "ለአባዬ በግራ እግሬ ነው ስለው አያምነኝም፤ አንቺ ምስክር ትሆኛለሽ" አለኝ። ሰውዬው መሪውን ጨብጦ ቀጥ ብሎ ያይ ነበር። ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ዓይናችን ውስጥ ገባች። ወደ መካነ መቃብሩ መንገድ ስንታጠፍ ወንድሜ "ሲስ፣ ይሄ የሆስፒታል መንገድ አይደለም" አለ። ሰውዬው ፍጥነቱን ጨመረ። ወንድሜ የመካነ መቃብሩ በር ላይ የተጻፈውን ሲያነብ አየሁት።

አጎቴ በሩ ላይ ቆሟል። ቀባሪዎች የሚለብሱት ነጭ የፕላስቲክ ልብስ፣ ለወንድሜ ያስቀመጡለት፣ ከነማሸጊያው ብብቱ ሥር ነበር። ለማርዳት ሲያዘጋጅ የዋለው ንግግር ሁሉ ጠፋው። "ልጄ፣ ጠበቅንህ" ብቻ አለው።

በእኛ ሴት መቃብር ድረስ አትገባም፤ እኔ በሩ ላይ ቀረሁ። ወንድሜ በኳስ ጫማው አስፋልቱን እያንኳኳ ሲሄድ ሰማሁት። ከሩቅ አዲስ የተከመረው አፈር ላይ ሲንበረከክ አየሁት። ከጎን አፈር በሁለት እጁ እያፈሰ በላዩ ላይ ጨመረ፣ ጨመረ፣ አጎቴ እጁን እስኪይዘው ድረስ። ሲመለስ አቀፈኝና "አልደረስንም" አለኝ። አልደረስኩም አላለም፤ ለእኔም ጭምር ያዝን ነበር።

ዓመታት አለፉ። ወንድሜ ኳስ ተወ፣ የአባታችንን ሱቅ ያዘ፣ አገባ፣ ሴት ልጅ ወለደ። ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ በመኪናው ይወስደኝና እኔ በሩ ላይ እጠብቃለሁ፣ እሱ ገብቶ ዱዓ ያደርጋል። ከወር በፊት ሲመለስ ሞተሩን ሳያስነሳ ቆየ። "አንድ ነገር ነግሬሽ አላውቅም" አለኝ። "ያን ቀን ፎቶ እነሳለሁ ብዬ አስጠበቅኳችሁ። ስንት ደቂቃ እንደሆነ ሁልጊዜ እቆጥራለሁ። ያ ፎቶ ባይኖር እደርስ ነበር።"

ለካ ልጁ ያን ሁሉ ዓመት የእኔን ጥፋት ተሸክሞ ኖሯል። ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም ነበር። ነገርኩት። ባኪው ከእረፍት ጀምሮ እንደቆመ፣ ሰውዬው ጥሪው እንዳለኝ፣ ጣቶቼን የያዘኝ ጊዜ እንኳ አውቄ ዝም እንዳልኩ፣ ሁሉንም።

"እና ፎቶው አይደለም?" አለኝ።

"ፎቶው አይደለም።"

መሪው ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። ያን ቀን እንኳ እንደዚያ አላለቀሰም። ከዚያ ቤቴ አድርሶኝ "ደኅና ዋይ" ብሎ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ዓርብ ብቻውን ነው የሚሄደው። አልፈርድበትም፤ ይናፍቀኛል እንጂ።

ባለፈው ዓርብ ግን ሲመለስ መኪናውን ከደጄ ፊት ለፊት አቆመ። ከመጋረጃው ኋላ ሆኜ አየሁት። ሞተሩን ሳያጠፋ ጥቂት ቆየና መሪውን ማዞር ጀመረ። ነጠላ ጫማዬን እንኳ ሳላደርግ ወጥቼ፣ ጎረቤት ሁሉ እስኪሰማ ስሙን ጠራሁት። ቆመ። መስኮቱን ዝቅ አድርጎ አየኝ፤ አልወረደም።