ሰላምታ የበላው ጥያቄ

ቴሌቪዥን ድሬዳዋ የገባው በሣጥን ታሽጎ በባቡር ነው። ጣቢያ የሚባል ነገር ከተማው ውስጥ አልነበረም። የጤና ትምህርት እናስተምራለን ያሉ ሰዎች አንድ ካሜራና ሁለት ቴሌቪዥን አምጥተው ካሜራውን ከዚራ ሰፈር በሚገኝ የክበብ አዳራሽ ውስጥ ተከሉት፤ ቴሌቪዥኖቹን በሽቦ አያይዘው ደጅ፣ ዛፍ ጥላ ሥር፣ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጧቸው። ተናጋሪው ውስጥ ተቀምጦ ይናገራል፣ ሕዝቡ ደጅ ተቀምጦ በሣጥን ያየዋል። አንገቱን በመስኮት ቢያሰግግ ሰውየውን ራሱን ያገኘው ነበር፤ ግን በመስኮት ያየ የለም። በእግሩ ሲሄድ ዞር ብለው የማያዩትን ሹም፣ ሣጥን ውስጥ ሲገባ ቆመው አጨበጨቡለት።

ይህን የነገሩኝ ያዩት ናቸው። እኔ ያን ጊዜ ስልክ ቤት ኦፕሬተር ነበርኩ። የከተማው ስልክ ገና በእጅ እየተሰካ ነበር የሚገናኘው። ቅዳሜ ፀሐይዋ በረድ ስትል ውይይቱ ይጀመራል፤ ጥያቄ ያለው ሰው ስልክ ካለበት ሱቅ ይደውላል፤ እኔ ገመዱን ሰክቼ ከአዳራሹ ጋር አገናኘዋለሁ፤ ድምፁ እዚያ በማጉያ ለሁሉም ይሰማል። እናም ከተማው የውይይቱን ፊት ሲያይ እኔ ድምፁን ብቻ ሰማሁ። አልተጎዳሁም። ፊት ሊያስመስል ይችላል፣ እኔ ግን ሹም ከመዋሸቱ በፊት ምራቁን ሲውጥ ይሰማኝ ነበር።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ውይይት ስለ ወባ ትንኝ ነበር። የክብር እንግዳው አንድ የውሃ ሹም ነው። መሥሪያ ቤቱን አልጠራም፣ ዘመድ አለው። ትንኝ በታቆረ ውሃ እንደሚፈላ አስረዳ፤ እስከዚህ ድረስ እውነቱን ነው። ቀጥሎ መጋላ ሰፈር ያለው የሕዝብ ውሃ መቅጃ ቦኖ ሥር ውሃ እንደሚያቁር ተናገረ፤ ይህም እውነት ነው። ከሁለት እውነት አንድ ጉድ አወጣ።

«ስለዚህ ለሕዝቡ ጤና ሲባል፣ የውሃ መውረጃ ቦይ እስኪሠራለት ቦኖው ይዘጋል!»

መስመሩ ለሙከራ ክፍት ነበርና ጭብጨባው ጆሮዬን ሊያደነቁረው ደረሰ። ካጨበጨቡት ውስጥ ከዚያው ቦኖ የሚቀዱ የመጋላ ሰዎችም ነበሩበት። በማግስቱ ቦኖው ላይ ቁልፍ ገባ። ቦዩን የሚቆፍር ዶማ ግን አልመጣም። የሰፈሩ ሴቶች ወደ ደረቁ ወንዝ ወርደው አሸዋ እየጫሩ፣ አህያ በሚጠጣበት ጉድጓድ ውሃ ይቀዱ ጀመር። ትንኝ ሸሽተው ሌላ ጣጣ ውስጥ ገቡ።

ሁለተኛው ቅዳሜ፣ ያው የውሃ ሹም በተቀመጠበት፣ የስልክ ጥያቄ ተጀመረ። አወያዩ ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ቶሎ ቶሎ የሚናገር ወጣት ነበር። ለአንድ ደዋይ ሦስት ደቂቃ ሰጠ፤ ሲያልቅ ትንሽ ደወል ይመታል። ሦስት ደቂቃ ለድሬ ሰው! የእኛ ከተማ ሰው በገዛ ቋንቋው ሰላም ይላል፣ ከዚያ በአድማጩ ቋንቋ ይደግመዋል፣ ከዚያ ቅር እንዳይለው በአማርኛ ያጸናዋል። አንተ ደህና ነህ፣ ቤት ደህና ነው፣ ልጆች፣ እናት፣ ጎረቤት፣ ከብት፣ በመጨረሻም ሙቀቱ እንዴት ያዘህ። ሙቀቱ ሳይጠየቅ ጉዳይ መጀመር ከነጫማ ምንጣፍ ላይ እንደ መውጣት ነው።

የመጀመሪያው ደዋይ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። አወያዩን፣ ሹሙን፣ ደጅ ያለውን ሕዝብ፣ ካሜራ የያዘውን ፈረንጅ፣ እኔንም ጭምር ሰላም ብለው ወደ ልጆቻችን ሲሻገሩ ደወሉ ጮኸ።

«ስለ ጠቃሚ ጥያቄዎ እናመሰግናለን» አለ አወያዩ።

ሁሉም እንዲሁ ሆነ። ሹሙ ግን ደስ ብሎት ዋለ። ሕዝቡ ምንም ችግር እንደሌለው ከውይይቱ መረዳቱን ተናገረ።

የዚያን ቀን መጨረሻ ላይ ከመጋላ የጨርቅ ሱቅ አንዲት ሴት ደወለች። ሳላገናኛት ጉዳይዋን ነገረችኝ።

«ትንሿ ልጄን ሆዷን ይዟታል፣ ከአሸዋው ውሃ ነው። ቦኖው መቼ ይከፈታል ብዬ ብቻ ነው የምጠይቀው።»

ሰካሁላት። ሹሙን ሰላም አለች፣ እናቱን ጠየቀች፣ ደወሉ ተመታ። ቦኖ የሚለው ቃል ከአፏ አልወጣም። በሦስተኛውም ቅዳሜ እንዲሁ። ተናደድኩ። በማን እንደተናደድኩ ግን እኔም አላወቅኩም፤ በደወሉ ይሁን በሰላምታው፣ ወይስ ጥያቄ አለመጠየቁን እያየ ደስ በሚለው ሹም።

በአራተኛው ቅዳሜ ስትደውል ድምፅዋ ተለውጧል።

«ልጅቱ እንዴት ናት?» አልኳት።

«ትናንት መነሣት አቃታት። ሐኪም ቤት ወሰድኳት፤ መድኃኒት ሰጥተው ንጹሕ ውሃ አጠጫት አሉኝ። ንጹሕ ውሃው ቁልፍ ውስጥ ነው፣ እህቴ። እኔ ቤት አፈላለሁ፤ ጎረቤት ስትጫወት ግን ያንኑ ትጠጣለች።»

«እንግዲያው ዛሬ ሰላምታውን ዝለይና በቀጥታ ጠይቂ።»

«አቦ ተይ! ሰውን ሰላም ሳልል? አህያ እንኳ አህያ ስታይ ታናፋለች።»

በማላውቃት ሴት ላይ ልጮህባት ነበር፣ ወላሂ። ከዚያ አንድ ነገር መጣልኝ።

«እሺ፣ ሰላምታውን ለእኔ በዪው። ሽቦው አንድ ነው። እዚህ የተባለ እዚያም እንደተባለ ይቆጠራል።»

«በአላህ፣ ይቆጠራል?»

«ይቆጠራል።»

በኦሮምኛ ጀመረችኝ፣ ነገያ፣ ፈያ እያለች፤ እኔም የማውቀውን ያህል መለስኩ። በአማርኛ ደገመችው። የሹሙን እናት ጠየቀች፣ ደህና ናቸው አልኳት። ከብቶቹን ጠየቀች፣ ደህና ናቸው አልኳት፤ ከብት ይኑረው አይኑረው እግዜር ይወቅ። የሌላ ደዋይ መብራቶች ፊቴ ላይ ብልጭ ድርግም ይላሉ፣ እኔ የሰው እናትና የሰው ከብት ሆኜ እመልሳለሁ።

«ጨረስሽ?»

«ሙቀቱን አልጠየቅኩም።»

«ያቃጥላል።»

«አልሐምዱሊላህ። በይ አሁን አገናኚኝ።»

ሰካሁት። አወያዩ «ይቀጥሉ» ከማለቱ ቃሏ ገባ።

«ቦኖውን መቼ ትከፍታላችሁ?»

ሹሙ ምራቁን ሲውጥ ሰማሁ። ሰላምታ ያልለበሰ ጥያቄ በሕይወቱ አጋጥሞት አያውቅም። የሚሸሽበት ሲያጣ ወደዚያው ወደ ሰላምታው ሸሸ፤ ሦስቱን ደቂቃ ራሱ ሊጨርሰው ነው።

«እንደምን ዋሉ፣ እመቤቴ? ደህና ነዎት?»

«ደህና አይደለሁም።»

እኔ በዚያ ሽቦ ላይ ይህን መልስ ሰምቼ አላውቅም። በእኛ አገር ደህና ነህ ወይ ሲባል መልሱ የታወቀ ነው። ክርስቲያኑ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እስላሙ አልሐምዱሊላህ ይላል። አልጋ ላይ የዋለውም፣ ከቀብር የተመለሰውም ይህንኑ ነው የሚለው።

«አ... አልሐምዱሊላህ አይባልም እንዴ?» አለ ሹሙ።

«ለአላህ ብያለሁ። ይህ የእርስዎ ነው።»

«ባለቤትዎስ ደህና ናቸው?»

«ሥራውን ትቶ ከሩቅ ውሃ ይሸከማል።»

«ልጆችስ?»

«ትልቁ ደህና ነው። ትንሿ የአሸዋ ውሃ ጠጥታ ተኝታለች።»

ማቆም ነበረበት። ግን የድሬ ሰላምታ አንዴ ከተጀመረ ማቆሚያ የለውም፤ እሱም የዚሁ ከተማ ሰው ነው።

«ጎረቤትስ?»

«የጎረቤቶቼ ልጆችም ተኝተዋል።»

«ሙቀቱስ... ሙቀቱ እንዴት ያዛችሁ?»

«ሙቀት ውሃ ያስጠማል፣ ጌታዬ። ቦኖውን መቼ ትከፍታላችሁ?»

ደወሉ አልተመታም። አወያዩ ረስቶት ይሁን አውቆ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ከደጅ፣ ከዛፉ ሥር፣ አንድ ሰው «መልስ እንጂ!» ብሎ ሲጮህ በማጉያው በኩል ሰማሁ። ሌላው ተከተለው፤ ወዲያው ሕዝቡ ሁሉ ይንጫጫ ጀመር። ያ ሁሉ ሰው ሣጥን ውስጥ ያለ ሰው እንደሚመልስለት ያን ዕለት ገና ያወቀው ይመስለኛል።

«ሰኞ» አለ ሹሙ።

ማዳመጫዬን አውልቄ ሳቅኩ። ሳቁ መሀል ላይ ለቅሶ ሆነብኝ። የልጅቱን ስም እንኳ አላውቅም ነበር።

ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ የስልክ ጥያቄ ቀረ። መስመሩ ተበላሽቷል ተባለ። መስመሩ እኔ እጅ ነበር፣ ምንም አልሆነም።

ሰኞ ቦኖው አልተከፈተም፤ ቀለም ተቀባ። ማክሰኞ ቀለሙ እስኪደርቅ ተጠበቀ። እኔ ከቤታችን ቧንቧ ጀሪካን ሞልቼ በጋሪ ለጨርቅ ሱቁ እልክ ነበር፣ ሴትየዋ ታገኘዋለች። ሐሙስ ወንበርና ሪባን ሲመጣ ፈቃድ ጠይቄ ወደ መጋላ ተሻገርኩ። ካሜራውንም አምጥተውታል። ሽቦው ከአዳራሹ እዚያ አይደርስም፣ ለክብር ያህል ነው የቆመው።

ሴትየዋን ረጅም አድርጌ ነበር በሐሳቤ የሣልኳት። አጭር ሆና አገኘኋት፣ በድምፅዋ ነው ያወቅኳት። ጀሪካኗን ይዛ ከሰልፉ ፊት ቆማለች፤ ልጅቱ ጀርባዋ ላይ ናት፣ ቀጥናለች፣ ዓይኗ ግን ይንከራተታል። ስለ ዓይኗ እኔም አልሐምዱሊላህ አልኩ።

ሹሙ ንግግር አደረገ። «ለሕዝቡ ጤና ሲባል ተዘግቶ የነበረው ቦኖ፣ ለሕዝቡ ጤና ሲባል ዛሬ ተከፍቷል!» ተጨበጨበ። ቦዩ አሁንም አልተቆፈረም፣ ስለ እሱ ያነሣ የለም። ቁልፉን ከፈተ፣ ውሃው ቀጠን ብሎ ወረደ፤ የመጀመሪያው ጀሪካን የሷ ነበር። ሹሙ ቁልፉን በእጁ እንደያዘ ወደ ልጅቱ ጎንበስ አለና፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማው ጮክ ብሎ ጠየቃት።

«እንዴት ነሽ፣ ልጄ? ደህና ነሽ?»

ልጅቱ እሱን አየችው። ከዚያ በእናቷ ትከሻ ላይ አገጯን አስደግፋ፣ ልጅ በሹክሹክታ ሲናገር እንደሚሰማው፣ ለሁላችንም በሚሰማ ድምፅ «እማ፣ እውነቱን ልንገረው ወይስ አልሐምዱሊላህ ልበለው?» አለች።

እናቷ ገና ያልተጋመሰውን ጀሪካን አየች። ሹሙ እጅ ላይ ያለውን ቁልፍ አየች።

«ጀሪካናችን እስኪሞላ» አለቻት፣ «አልሐምዱሊላህ በዪው።»