ፓምፑ የቆመበት ሰዓት

ደክሞኝ ነበር። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ የስህተቱ ግማሽ የድካም ነው። ጠዋት ለገሃር ታክሲ ተጋፍቼ ካዛንቺስ እደርሳለሁ፣ ሊፍቱ ስለማይሠራ አምስት ፎቅ በእግሬ እወጣለሁ፣ ከዚያ ቀኑን ሙሉ በዕድሜ ከሚበልጡኝ ወረቀቶች ጋር እፋጠጣለሁ። ሚሊኒየሙ ካለፈ ጥቂት ዓመት ሆኖታል። መስኮቱን ስንከፍት ከማዶ የሚፈርሱት ቤቶች አቧራ ይገባል፤ ስንዘጋው ደግሞ ወረቀቱ ራሱ ያስነጥሰናል።

ሥራዬ ያላየሁትን ድንጋይ መገመት ነው። ከብዙ ዓመት በፊት ፈረንጆች በረሃ ውስጥ አንድ ጥልቅ የጋዝ ጉድጓድ ቆፍረው ነበር። በገመድ መሣሪያ እያወረዱ የለኩትን ሁሉ ትተውልን ሄደዋል፤ ድምፅ በድንጋዩ ውስጥ ለማለፍ ስንት ጊዜ እንደፈጀበት፣ ድንጋዩ ምን ያህል ጥቅጥቅ እንዳለ፣ ኤሌክትሪክ እንዴት እንደሚያሳልፍ፣ በቴርሞሜትር ሲለካ ምን ያህል እንደሚሞቅ። እኔ ከእነዚህ ቁጥሮች ተነስቼ ሼል በሚባለው ድንጋይ ላይ እፈርዳለሁ። ሼል የጥንት ባሕር ጭቃ ነው፤ በውስጡ ከቀረው ብስባሽ ጋር ተጭኖ የጠጠረ። ብስባሹ በምድር ሙቀት በደንብ ከበሰለ ጋዝ ይወጣዋል፤ ካልበሰለ ዝም ያለ ድንጋይ ነው። ወጥ ቢሆን ክዳኑን ከፍቼ በቀመስኩት።

የክፍላችንን ኃላፊ ጋሼ እላቸው ነበር። ጡረታ ሊወጡ አንድ ወር ቀርቷቸዋል። ጉድጓዱ ሲቆፈር ከትምህርት ቤት እንደወጡ መዝጋቢ ሆነው እዚያ በረሃ ከርመዋል። ፈረንጆቹ ሄዱ፣ ጉድጓዱ ተደፈነ፣ እሳቸው ግን ከልባቸው አላወጡትም። የእኔ ሪፖርት ሼሉ በስሏል ካለ ጉድጓዱ እንደገና እንዲፈተሽ ይጠየቃል፤ አልበሰለም ካለ ፋይሉ ይዘጋል። ከመሥሪያ ቤቱ ከመውጣታቸው በፊት ማየት የሚፈልጉት ይህን አንድ ነገር ነበር፤ ከእኔም አልደበቁትም።

ሦስት ዓመት ሠራሁበት፤ ሦስቱንም ዓመት የጉድጓዱን ወሬ አወሩኝ። ምሳ ስንበላ፣ ደረጃ ስንወጣ፣ መብራት ጠፍቶ ኮምፒውተሩ እስኪመለስ ስንጠብቅ። ከሁሉ የሚወዱት የቁፋሮው ፓምፕ የቆመበትን ቀን ነው። ለወራት ሌት ተቀን ሲጮህ የኖረ ፓምፕ ድንገት ጸጥ ሲል ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ተያየ፤ ከሩቅ የግመል ደወል ተሰማ። እኔ ደወሉ ጋ ስንደርስ ራሴን እየነቀነቅሁ ስለ ታክሲ ሰልፍ አስባለሁ። ማዳመጥ ያቆምኩት ገና በመጀመሪያው ዓመት ይመስለኛል።

በመጨረሻ ሥራው አለቀ፤ ሼሉ በስሏል የሚል ውጤት መጣ። ጋሼ ሪፖርቱን ሁለት ጊዜ አነበቡና መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። የዚያኑ ቀን ስታዲየም አካባቢ ጥብስ ጋበዙኝ። እንደ ልማዳቸው የፓምፑን ቀን ጀመሩት። ያን ቀን ለምን ጆሮዬ እንደተከፈተ አላውቅም፤ ሥራው ስላለቀ ሐሳቤ ባዶ ሆኖ ይሆናል።

«ቁርስ ላይ ነበርን» አሉ። «እንቁላሉን እንደያዝኩ ብድግ አልኩ፤ ሰዓቴን አየሁ፤ ጻፍኩ።»

እጄ ትሪው ላይ ቀረ። ቁርስ ነው ያሉት? ደግሜ ጠየቅኋቸው። አዎ፣ ቁርስ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሲቆፈር ፓምፑ ቀዝቃዛ ጭቃ ወደ ታች ይልካል፤ ድንጋዩም ይበርዳል። ፓምፑ ሲቆም ድንጋዩ ቀስ እያለ ወደ ራሱ ሙቀት ይመለሳል። ቴርሞሜትሩ የወረደው ፓምፑ ከቆመ ከስንት ሰዓት በኋላ እንደሆነ ካላወቅን፣ በለካው ላይ ምን ያህል ሙቀት መጨመር እንዳለብን አናውቅም። ቴርሞሜትሩ የወረደው በዚያው ቀን ምሽት ነው። የፓምፑ መዝገብ ላይ ግን 3:00 ብቻ ነው ያለው። መዝገቡ በእንግሊዝኛ ስለተጻፈ ሰዓቱም የፈረንጅ መሰለኝ፤ ሲነጋም ገና እየቆፈሩ ስለነበር የሌሊት ሊሆን አይችልም ብዬ ከሰዓት በኋላ፣ በእኛ ዘጠኝ ሰዓት፣ አድርጌ ያዝኩት። የጻፈው ግን ሐበሻ ነው፤ የጻፈውም በሐበሻ ሰዓት ነው። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት። ድንጋዩ እኔ ካሰብኩት በላይ ስድስት ሰዓት አርፎ ነበር። ሙቀቱ አብዛኛው ተመልሶ ሳለ፣ እኔ የሌለ ሙቀት ከላዩ ጨምሬበታለሁ።

ከሰዓት በኋላ ቁጭ ብዬ እንደገና አሰላሁት። አልበሰለም። ዝም ልል ፈልጌ ነበር፤ ይህንንም ልናገር። ማንም አያውቅም፤ ጋሼም ደስ ብሏቸው ይወጣሉ፤ እኔም እንደገና አልጀምርም። የመጨረሻው ምክንያት ከሁለቱ ይበልጥ ሳበኝ፤ በዚህ አፍራለሁ።

በማግስቱ ሄጄ ነገርኳቸው። ዋናውን መዝገብ አምጪ አሉኝ። የራሳቸውን የወጣትነት ጽሕፈት ብዙ ጊዜ አዩት። ቀጥሎ እጃቸው ላይ ያለችውን ሰዓት አዩ፤ ዛሬም የምትሄደው በእኛው አቆጣጠር ነው። እስክሪብቶ ይዞ ወደ ዋናው መዝገብ የተጠጋን ሰው ሁሉ ሲቆጡ የኖሩት ጋሼ፣ እስክሪብቷቸውን ከኪሳቸው አወጡና ከቁጥሩ ጎን «ጠዋት» ብለው ጻፉ።

«አልበሰለም ብለሽ ጻፊ፣ ልጄ» አሉ።

ሪፖርቱን አስተካክዬ አስገባሁ፤ ፋይሉም ተዘጋ። ጋሼ በቀሩት ሳምንታት የፓምፑን ቀን አንድም ጊዜ አላነሱም። መብራት ሲጠፋም ዝም ብለን እንቀመጣለን። ለካ ያ ወሬ ያንን ክፍል ሞልቶት ነበር።

በመጨረሻው ቀን ካርቶናቸውን ይዤ አብረን ደረጃውን ወረድን። አራተኛው ፎቅ ላይ ያን ቀን እንዲነግሩኝ ጠየቅኋቸው።

«ስንቴ ሰማሽው እኮ» አሉኝ።

«አልሰማሁትም፣ ጋሼ።»

የደረጃውን ብረት ይዘው ቆሙና ረጅም ጊዜ አዩኝ። ገባቸው። የሚቀየሙኝ መስሎኝ ነበር፤ እሳቸው ግን መውረድ ጀመሩና፣ «ቁርስ ላይ ነበርን» አሉ። እስከ ምድር ቤት ድረስ ነገሩኝ። የግመሉ ደወል ጋ ስንደርስ ስለ ታክሲ አላሰብኩም።