ዋጃ ላይ ሳይዘል የቀረው አለቃ

ሐሙስ፣ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት፤ ደሴ

የተነሣነው ሦስት ሆነን ነው፤ ሾፌሩ ይማም፣ የክፍላችን ኃላፊ ጓድ አበራ፣ እና እኔ። እኔና ይማም መሥሪያ ቤቱ በር ላይ አንድ ሰዓት በብርድ ከቆምን በኋላ ጓድ አበራን ከቤቱ ሄደን አመጣነው። ዘመኑ የደርግ ስለሆነ ሁሉም ሰው ጓድ ነው። አንቱታውን ያኔም በአፌ እንጂ በልቤ አልሰጠሁትም፤ አሁን ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ከወረቀቱም ላይ አንስቼበታለሁ።

የምንሠራው ባህል ነው። ከበላይ በመጣው ሰርኩላር መሠረት የኪነት ቡድኖችን እየዞርን እናያለን፣ ዘፈናቸውን በቴፕ እንቀዳለን፣ ጥናት ጽፈን ለአንዱ ቡድን የልብስና የመሣሪያ በጀት እንጠይቃለን። ከዚያ በፊት የላክነው ጥናት ግን «የገበሬው ግጥም ሁሉ ከሰርኩላሩ ጋር ይመሳሰላል» ተብሎ ተመልሶብናል። እውነታቸውን ነው። የማስተካክለው እኔ ነበርኩ። ጎረምሳው ስለ ወዳጁ ጡት የዘፈነውን እኔ ስለ ትራክተር አደርገዋለሁ። በእኔ ብዕር በወሎ ምድር ትራክተር ናፍቆት እንቅልፍ ያላጣ ጎረምሳ አልነበረም። አሁን የሚፈለገው «የሰፊው ሕዝብ ድምፅ፣ ሳይነካ» ሆኗል።

እኔ የምፈልገው ሌላ ነው። ሁለት ዓመት በየሠርግ ዳሱ እየዞርኩ የሰበሰብኩት ዘፈን መጽሐፍ ሆኖ ሲታተም ሽፋኑ ላይ የወጣው የጓድ አበራ ስም ነው። መቅድሙ ላይ ደግሞ ሚስቱን አመስግኗል። እሷ እንኳ ምናልባት ሻይ አፍልታለት ይሆናል። ስለዚህ መኪናው ሳይነሣ በዚህኛው ጥናት ላይ ስሜ እንዲገባ ጠየቅሁት።

«ይታያል፣ ጓድ ዘነበች» አለኝና ከፊት ወንበር ተቀመጠ።

እኔ ከኋላ፣ ከቴፑና ከመለዋወጫው ጎማ ጋር ነበርኩ።

ሐሙስ፣ ረፋድ፤ መርሳና ወልድያ

መርሳ ላይ ብርቱካን በስሙኒ አራት ነው። ጓድ አበራ የስሙኒውን ገዝቶ አራቱንም በላ፤ ልጣጩን እንድጥልለት ወደ ኋላ አቀበለኝ። ይማም በመስታወቱ ያየኛል። ይማም የሐይቅ ሰው ነው፤ ምላሱ ከመሪው ይቀናል። ወልድያ ፍርፍር ስንበላ ጓድ አበራ እጁን ሊታጠብ ሲነሣ፣ «እትዬ ዘነበች፣ ስምሽ ከሆነ የቸገረሽ፣ ጭቃ መከላከያው ላይ ልጻፍልሽ። እስከ አላማጣ ይነበባል» አለኝ። አልሳቅሁለትም። ትንሽ ቆይቼ ግን ሳቅሁ።

ከወልድያ ወዲያ መንገዱ ቁልቁል ነው። ጎብዬ ስንደርስ ሙቀቱ ተቀበለን። ገበያተኛው ማሽላውን በአህያና በግመል ጭኖ መንገዱን ሞልቶታል፤ ከኋላው የሚገፋው ሰው እንጂ መኪና አይመስለውም። ይማም ጥሩምባውን ቢነፋ አንድ ሽማግሌ ዞር ብለው፣ «ቀስ በል ልጄ፣ እኛም ወደዚያው ነን» አሉት። ጎብዬ ሻይ ሲቀዱ ስኳሩን አይሰስቱም፤ ማንኪያው ብርጭቆው ውስጥ ቀጥ ብሎ ይቆማል።

ሐሙስ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፤ ሮቢት

ሰርኩላሩ «ቢያንስ አንድ ዘመናዊ የሙዚቃ መሣሪያ» ይላል። የሮቢት ቡድን ይህን ሰምቶ ከየት እንደሆነ ባልነገሩን ቦታ አኮርዲዮን ተውሶ ጠበቀን። መጫወት የሚችል የለም። አንድ ረጅም ሰውዬ ከመዝሙሩ ጋር እያስኬደ ይከፍተዋል፣ ይዘጋዋል። ጎኑ የተቀደደ ስለሆነ የሚወጣው ነፋስ ብቻ ነው። ሰውዬው ቁልፎቹን እንዳይነካ ተመክሯል፤ ሦስተኛው መዝሙር ላይ ግን ሞቅ ብሎት ነካው። ከበረቱ በኩል አህያ መለሰለት። ዘማሪዎቹ ሳቅ አፍኗቸው ስለ ምርት ዘመቻ የሚለውን ስንኝ ሁለት ጊዜ ሳቱ።

ጓድ አበራ «በመሣሪያ የተሟላ» ብሎ አስጻፈኝ። ጻፍኩ።

ዓርብ፣ ጠዋት፤ ቆቦ

ቆቦ ያደርንበት ክፍል አንዲት መስኮት ብቻ ያለው ነበር፤ ሙቀቱ እንዲወጣ ብንከፍተው የውጭው ሙቀት ገባ። ጠዋት ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት የቱሪስት መስህብ ቅጽ ለመሙላት ሄድን። ቅጹ የሚሞላለት ቀበሌ ለእንግዳ ማረፊያ በጀት ሊታይለት ይችላል። ያገኘናቸው ሽማግሌ ሹም ቱሪስት ምን ማየት እንደሚወድ ጠየቁ። ጓድ አበራ ጥንታዊና ሥራ ያቆመ ነገር ሲሆን ይመረጣል አላቸው። ሽማግሌው ብዙ አላሰቡም፤ ወደ ውኃ ፓምፑ ወሰዱን።

«ይቺ ከመጣች ጀምሮ ጠብታ አላወጣችም» አሉ። «የተላከችው ከባሕር ማዶ ነው ተብሏል። እንግዲህ ከዚያ መጥተው ቢያዩዋት ለእነሱም ትምህርት ነው።»

ቅጹ ለጎብኚው መታጠቢያ አለ ወይ ይላል። ወንዝ አለ ተባልን፤ ወንዙ ግን የሚመጣው በክረምት ነው። «መታጠቢያ፦ አለ፤ በሐምሌ» ብዬ ሞላሁ። ጓድ አበራ ሳያነብ ፈረመ። እሱ እኔ የጻፍኩትን አንብቦ አያውቅም። ይህን የምለው ለሐሜት አይደለም፤ አሥራ አንድ ዓመት አብሬው ስለሠራሁ ነው።

ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፤ ዋጃ

ዋጃ መሣሪያ የላቸውም። አንድ ከበሮ፣ ጭብጨባና ዱላ ነው ያላቸው። ማሽላው በታጨደበት ሜዳ ላይ ወንዶቹ ጎፈሬያቸውን አበጥረው፣ ሴቶቹ ጠጉራቸውን ቅቤ ቀብተው ክብ ሠርተው ቆመዋል። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር አያ ሞላ የሚባሉ ሰው ናቸው። ጓድ አበራን ከዋርካው ጥላ ሥር ወንበር ላይ አስቀመጡት። ለእኔ ወንበር ስለሌለ ቴፑን ታቅፌ ሜዳው መሐል፣ ፀሐይ ላይ ተቀመጥሁ።

አያ ሞላ ዘፈኑ ሳይጀመር ወግ ነገሩን። እዚያ አገር እንግዳ በስሙ ከተዘፈነለት ዱላ ተቀብሎ ክቡ ውስጥ ይገባል፤ ሁለቴም ቢሆን ይዘላል። ከዘለለ በቃ፣ ዘመድ ነው፤ ዘፈኑ ወደ ሌላ ይሄዳል። ካልዘለለ ግን ዘፈን አውራጇ እስኪዘል ድረስ አትለቀውም። ቢሄድም አትለቀውም።

«ጉልበቴን ያመኛል» አለ ጓድ አበራ።

«ጎንበስ ብለው ቢዘሉም ይቆጠራል» አሉት አያ ሞላ።

አውራጇ ሎሚ ትባላለች። ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው፤ ድምፅዋ ግን ከሜዳው ማዶ ያለውን ግመል ቀና ያደርጋል። ጀመረች፦

ከደሴ የመጣው አበራ ጎበዙ፣
ዱላውን አቀብሉት ይታይልን ወዙ።

ክቡ ተቀበላት፤ ወንዶቹ አቧራውን አስነሡት። አንድ ሰው ዱላ ይዞ መጥቶ ዘረጋለት። ጓድ አበራ ፈገግ አለ፣ እጁን እንደ ሰልፍ ቀን አወዛወዘ፣ ዱላውን ግን አልተቀበለም። ሎሚ ደገመችው። ሁለተኛ ዱላ መጣ። ጓድ አበራ ጉልበቱን አሻሸ። ሦስተኛ ሲመጣ ከአያ ሞላ ግቢ ለእንግዶቹ የታረደው በግ ደርሷል የሚል ጥሪ ተሰማ። ጓድ አበራም ብድግ ብሎ፣ ጉልበቱን ረስቶ፣ ቦርሳውን አንሥቶ እየተራመደ ሄደ። በአጠገቤ ሲያልፍ ጎንበስ አለና፣

«ቴፑ እንዳይቆም። ይኼ ስለ እኔ የዘፈኑት የጥናቱ እምብርት ነው የሚሆነው። ቃል በቃል ትገለብጪዋለሽ፤ አንዲት ፊደል እንዳትነኪ» አለኝ።

ሄደ። አያ ሞላ አንገታቸውን ደፉ። ሎሚ ወገቧን ይዛ የጓድ አበራን ጀርባ ስታይ ቆየችና ቀጠለች፦

ለዝላዩ ጊዜ እግሩን እያመመው፣
ለጥብሱ ሲጠሩት ማንም አልቀደመው።

ቦርሳ ለመሸከም ክንዱ የበረታ፣
ዱላ ቢያቀብሉት ልቡ አመነታ።

ሜዳው በሳቅ ተናጠ። ይማም ከመኪናው ወርዶ ጎማው ላይ ተደግፎ እንባውን ይጠርጋል። እኔ ቴፑን ላጥፋው አላጥፋው እያልኩ እጄን አነሣሁ። ታዝዣለሁ፤ መለስኩት። ሎሚ ደግሞ እጄን አይታ ኖሮ ወደ እኔ ዞረች፦

ጸሐፊዋ እናታችን ከፀሐይ ተጥላ፣
አጥንቱን ይግጣል ተቀምጦ ጥላ።

እንግዲህ ተዘፈነልኝ። ዱላው መጣ። አርባ ስምንት ዓመቴ ነው፣ ጫማዬ ተረከዝ አለው፣ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። ተነሥቼ ዘለልኩ። አንዱ ጫማ በመጀመሪያው ዝላይ ሄደ፤ ሁለተኛውን በአንድ እግር ዘለልኩ። ሴቶቹ እልል አሉ። ሎሚ ጫማዬን ከአቧራው አንሥታ እያራገፈች፣ «እናቴ፣ ያንቺ አለቃ አንቺን ቢያክል ምን ነበረ» አለችኝ። በመሥሪያ ቤት ዘመኔ ከደረሰኝ የምስጋና ቃል የማስታውሰው እሱን ብቻ ነው።

ከበጉ የቀረልኝ አንገቱ ነበር። በማሽላ እንጀራ በላሁት።

እሑድ፤ ወደ ደሴ

ከሮቢት ወዲህ ጓድ አበራ ወደ ኋላ ዞሮ «ዘፈኑ እኔ ከሄድኩ በኋላ ቀጠለ ወይ?» ብሎ ጠየቀኝ። ቀጠለ አልኩት። ስለ ምን ነበር አለኝ።

«እስከ መጨረሻው ስለ እርስዎ ነው» አልኩት።

ደስ አለው፤ አንገቱ እንኳ ወፈረ። ይማም ሳል ያዘው። እኔም ጊዜው ነው ብዬ ስለ ስሜ ጉዳይ አነሣሁ። ስም ሲበዛ ጥናት ክብደቱን ያጣል አለኝ። እንግዲያው ከመላኩ በፊት ግጥሙን ላንብብልዎት ወይ አልኩት። ይህን መጠየቄን ይማም ምስክሬ ነው።

«ያንቺን ጽሑፍ መች አንብቤ አውቃለሁ? እምነት አለኝ» አለ።

ሰኞና ማክሰኞ ቴፑን ገለበጥኩ። አንዲት ፊደል አልነካሁም፤ ትራክተርም አላስገባሁም። ሽፋኑ ላይ «ያጠናው፦ ጓድ አበራ» ብዬ በትልቁ ተየብኩ። ረቡዕ ፈረመ፤ በዚያው ቀን ወደ አዲስ አበባ ተላከ።

ከሁለት ወር በኋላ፤ ደሴ፣ አዳራሽ

ወደ አዳራሹ ስንጠራ ጓድ አበራ የሚባረር መስሎኝ ነበር፤ አልደብቅም፣ ለይማም ሻይ ልጋብዘው ቃል ገብቼ ነበር። የመጣው ግን የምስጋና ደብዳቤ ነው። ጓድ አበራ ብዙኃኑ በእሱ ላይ የሰነዘሩትን ሂስ ሳይሸሽግና ሳያለሳልስ፣ በገዛ ስሙና ፊርማው ማቅረቡ የግለሂስ አርአያ ስለሆነ፣ ግጥሙን ለመላው ሠራተኛ ቆሞ በንባብ እንዲያሰማ ይላል። ለዋጃ ቡድንም ልብስ ተፈቀደ፤ ኋላ እንደሰማሁት የደረሳቸው የሱፍ ካፖርት ነው። በዚያ ቆላ ሙቀት ምን እንዳደረጉት አላህ ይወቅ።

የመሥሪያ ቤታችን ሥራ አስኪያጅ ለጓድ አበራ የነገሩት መመስገኑን ብቻ ነበር። አዲስ ሙሉ ልብስ ለብሶ መጣ። ጥናቱን መድረክ ላይ ሰጡት። የመጀመሪያውን ስንኝ እንደ አዋጅ አነበበው፤ ተጨበጨበለት። ሁለተኛው ላይ «ለጥብሱ» ሲል ድምፁ ቀነሰ። ሦስተኛውን ለራሱ አነበበው፤ ከኋላ «አይሰማም» አሉት፤ ደገመው። አዳራሹ ሂስ መሆኑን ስለተነገረው ላለመሳቅ ይታገላል። አራተኛው ላይ ቆመ።

«ይቀጥሉ እንጂ፣ ጓድ» አሉት ሥራ አስኪያጁ።

ስለ ጸሐፊዋና ስለ አጥንቱ አነበበ። ሥራ አስኪያጁ ይቺ ፀሐይ ላይ የተጣለችው ጸሐፊ ማን ናት ብለው ጠየቁት። ጓድ አበራ እንዳልሰማ ሆነ። ደግመው ጠየቁት፤ አርአያነቱን እንዲያሟላ ነው ብለው።

«ጓድ ዘነበች ናት» አለ በመጨረሻ፤ ጣቱንም ቀሰረብኝ። «ዘፈኑን ሁሉ የቀዳችው፣ የገለበጠችው፣ የጻፈችው እሷ ናት። እኔ ቃል አልጨመርኩበትም።»

«ይኼ በቃለ ጉባኤው ይግባ» አሉ ሥራ አስኪያጁ።

የዚያ መሥሪያ ቤት ቃለ ጉባኤ ያዥ እኔ ነበርኩ። ስሜን ከነአባቴ፣ ከነአያቴ ጻፍኩት፤ ጓድ አበራ ያለውንም ቃል በቃል፣ አንዲት ፊደል ሳልነካ። ስብሰባው ሲያልቅ ወረቀቱን ለፊርማ ሰጠሁት። ያን ቀን ከላይ እስከ ታች አነበበው፤ ከዚያ ፈረመ።