ጥቁሩ ዝናብ

ባለቤቴ ከመሞቱ በፊት አብረን በመጨረሻ የሠራነው ሥራ የታጠበ አንሶላ ከዝናብ ማስገባት ነበር። ዘንድሮ ከባሮ ወንዝ ማዶ የሚቃጠለው ሣር ሲሸተኝ ግን ትዝ ያለኝ አባቴ ነው።

ልጅ ሳለሁ፣ ጋምቤላ ክልል በሆነች ሰሞን ነው፤ አባቴ ሳይንስ ያስተምረን ነበር። የሣሩ ጭስ ሽቅብ ወጥቶ እንደ እንጉዳይ ሲዘረጋ፣ "አባዬ፣ ያ የአቶም ቦምብ ነው?" አልኩት።

"ሣር ነው፣ አንቺ ፈሪ! አወጣጣቸው ግን አንድ ነው። የጋለ አየር ስለሚቀል አቧራውን ከሥር እየሳበ ይወጣል፤ ላይ ሲበርድ ወደ ጎን ይዘረጋል። ቦምቡ የወደቀበት ከተማ ላይ በኋላ መርዝ ያለበት ጥቁር ዝናብ ዘንቧል።"

በማግስቱ የዓመቱ የመጀመሪያ ዝናብ ወረደ። እናቴ ከጣሪያው በበርሜል ያጠራቀመችው ውሃ ጥላሸት ነበረበት። ጠጥተው እንዳይሞቱብኝ በርሜሉን ገለበጥኩት።

"አንተ ሰውዬ፣ ልጄን ምን አስተማርካት?" ብላ እናቴ ጮኸች። "በይ አሁን ከባሮ ቅጂ!"

አባቴ ጄሪካኑን ይዞ አብሮኝ ወረደ። መንገድ ላይ፣ "የዝናቡ ክፋት፣ ሰው እሳቱ አለፈልኝ ሲል መምጣቱ ነው" አለኝ። ያኔ አልገባኝም።

በባለቤቴ ቀብር አላለቀስኩም። እንባዬ እንደ ጥቁሩ ዝናብ የመጣው ለቀስተኛው ሁሉ ከተበተነ በኋላ ነው። አባቴ በሕይወት ኖሮ እንደዚያን ቀን አብሮኝ ወንዝ ቢወርድ ብዬ እመኛለሁ። አሁን እንባዬ ሲመጣ የያዝኩትን አስቀምጬ አለቅሳለሁ።