በነጻ የመጣው ሲዲ

ትናንት ቡታጅራ፣ አንድ ጓሮ ውስጥ ወፍ እንዲያባርሩ በክር የተንጠለጠሉ ሲዲዎች በፀሐይ ሲያብለጨልጩ አየሁና አባቴ ትዝ አለኝ።

አስረኛ ክፍል ነበርኩ። አባቴ ለሰው ማመልከቻ የሚጽፍበት ሱቅ ነበረው። የሱቁ አሮጌ ኮምፒውተር በተበላሸ ቁጥር፣ የሸጠልንና የይለፍ ቃሉን የያዘው ሻጭ ካልመጣ አይሠራም ነበር። ሲሰለቸኝ፣ ለጠየቀ ሁሉ ኮምፒውተር የሚሠራበትን ፕሮግራም በሲዲ በነጻ ወደሚልኩ ሰዎች ጻፍኩ። ሲዲው ከውጭ አገር በፖስታ ደረሰ።

አባቴ ፖስታውን እያገላበጠ አየው።

"ያውቁሻል?"

"አያውቁኝም፣ አባ።"

"ታዲያ ምን ፈልገው ነው በነጻ የሚልኩልሽ?"

 ሲዲውን ኮምፒውተሩ ውስጥ ከተትኩት። ኮምፒውተሩ እየጋለ የተቃጠለ አቧራ ሸተተ። ጥቁሩ ስክሪን ላይ ነጭ ጽሑፍ መውረድ ሲጀምር፣ አባቴ ተነስቶ የሱቁን በር ገርበብ አደረገው። ከሰዓት በኋላ ኮምፒውተሩ ያለ ሻጩ ይለፍ ቃል ተከፈተ።

"አሁን የራሳችን ሆነ" አልኩት።

"ሰው ጉዳዩን አምኖን ነው የሚያስጽፈን። ምስጢሩ ቢወጣ፣ የሻጩን ቤት እናውቀዋለን። እነዚህን ሲዲ የላኩትን ግን የት ሄደን እንጠይቃቸዋለን?" አለና ኮምፒውተሩን ጨርቅ አለበሰው።

ለሳምንት ያህል ማመልከቻውን ሁሉ በእጁ ጻፈ። እኔ ግን ተናደድኩበት።

ዛሬ ስልኬ ላይ በነጻ የጫንኩት መተግበሪያ መረጃሽን ልይ፣ ፈቃድ ስጪኝ ሲለኝ፣ የአባቴ ጥያቄ ትዝ ይለኝና ጣቴ ሳይነካው ትንሽ ይቆያል።