በሰም የተደፈነው ሶኬት

ፍኖተ ሰላም ውስጥ ስልክና ቴሌቪዥን እጠግናለሁ። ሙያውን ያስተማረኝ ሰው የለም፤ እየፈታሁ፣ እየገጠምሁ፣ በስልኬ እያነበብሁ ነው የለመድሁት። አንድ ቀን ቡሬ የሚኖሩ አንዲት ባልቴት አስጠሩኝ። ሟቹ ባለቤታቸው ካርታ አንሺ ነበሩ። የሥራ ኮምፒውተራቸው ቤት ውስጥ ቀርቷል፤ የድሮ ነው፣ አንድ ሰው ብቻውን የማያነሣው ከባድ። የራሱ ሞኒተር ከተቃጠለ ቆይቷል።

«ቋሪት ያለውን ያባቴን አገር እዚህ ውስጥ ስሎልኛል» አሉኝ። «አንድ ጊዜ አሳይቶኝ ነበር። አሁን ልጄ ባሕር ዳር ልትወስደኝ ነው፣ ይህን ብረት ግን አልጭንም ብላለች። ሳላየው አልሂድ።»

የዛሬ ሞኒተር ገመድ አይገባበትም። እንዲህ ያለው ሶኬት ደቃቅ ቀዳዳዎችና ሦስት ሰፋፊ ክቦች አሉት፤ ክቦቹ ቀዩን፣ አረንጓዴውንና ሰማያዊውን ቀለም ያወጣሉ። ከተቃጠለው ሞኒተር የገመዱን ጫፍ ቆርጬ ከተራ ሞኒተር ገመድ ጋር ልበይደው አሰብሁ። ጎንበስ ብዬ ስመለከት ግን አንድም ቀዳዳ አይታይም። ሁሉም በሰም ተደፍኗል።

«እኔ ነኝ» አሉ። «ጉንዳን እንዳይገባበት ብዬ። እናቴም ዕቃ ስታስቀምጥ ቀዳዳውን እንዲያ ነበር የምታደርግ።»

ሳቄን ዋጥሁ። በጋለ ብረት ባቀልጠው ወደ ውስጥ ይፈስሳል። እሳቸው ሙቅ ውሃ በጠርሙስ ሞልተው ሶኬቱ ላይ አስደገፉ፤ ሰሙ ሲለሰልስ በቀጭን መርፌ እየጠቀለሉ ያወጡት ጀመር። እኔ ከአጠገባቸው ሽቦዎቹን አንድ በአንድ እየፈተሽሁ እበይዳለሁ።

«ጤፍ ትለቅማለህ እንዴ? አንዱን ሽቦ ስንቴ ታየዋለህ?»

«ከተሳሳትሁ ምስሉ አይቆምም፣ እማማ።»

«እንግዲያስ ልቀም።»

መጀመሪያ ስናበራው ምስሉ እንደ ጎርፍ ወደ ጎን ፈሰሰ። አንዱ ሽቦ ቦታውን ስቶ ኖሯል፤ ፈትቼ አዛወርሁት። ምስሉ ቆመ። ብዙ ሥዕል ከፍተን ከዘጋን በኋላ የቋሪቱ ወጣ፤ ወንዙ፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ እንደ ጥራጥሬ የተበተኑ ቤቶች። ግን ነጩ መደብ ሳይቀር አረንጓዴ መስሏል።

«ቀዩና ሰማያዊው አልመጡም። አሮጌው ገመድ ውስጡ ተበጥሶ ይሆናል። ትንሽ ይታገሡኝ፣ ልፍታው» ብዬ ተነሣሁ።

እጄን ያዙኝ። ዐይናቸውን ከምስሉ አላነሡም።

«ተወው፣ ልጄ። ነሐሴ ላይ እንዲህ ነው የሚሆን።»

ሥራ ሳልጨርስ መተው አይሆንልኝም። ያን ቀን ግን መበየጃውን ነቅዬ ከጎናቸው ተቀመጥሁ። ጣታቸው ወንዙን ተከትሎ ወጣ።

«ይኸ የኛ በር። ይኸ ወይራው። ይኸኛው ያጎቴ ነው፤ ክፉ ውሻ ነበረው፣ በዚህ አዙረን ነበር የምንሄድ» አሉ፤ ጣታቸውም ቤቱን ራቅ አድርጎ ዞረው።